የእኔ ስድስት መቶ ሺህና የባሌ ሂሳብ

ባሌን በሚሠራበት የጫማ ፋብሪካ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ተቀናሽ» ነው የሚሉት። ደመወዝ ሠሪ ነው፤ የአራት መቶ ሰው ግብርና ጡረታ የሚሰላው በእሱ እጅ ነው። በደመወዝ ቀን ሰዉ መስኮቱ ሥር የሚሰለፈው «ዛሬ ደግሞ ምኔን ቆረጥክብኝ?» እያለ ነው። እሱ አይቆጣም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና የግብር ሰንጠረዡን በጣቱ እያሳየ፣ ከዚህ እስከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚህ በላይ ደግሞ ይህን ያህል እያለ ያስረዳል። ሰውየውም ሲመጣ ከነበረው የበለጠ ተናዶ ይሄዳል።

ቤትም ያው ነው። ልጃችን ሥራ አገኘሁ ብላ የደወለች ቀን «እንኳን ደስ አለሽ» ከማለቱ በፊት «የተጣራው ስንት ነው?» አላት። ጎረቤታችን የደመወዝ ጭማሪ አግኝቶ በደስታ ሲፈነድቅ፣ ቁጭ አድርጎ ግብሩን አስልቶ የሚደርሰውን ነገረውና ፊቱን አጨለመበት። ክፉ ሆኖ አይደለም። ለእሱ ያልተጣራ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም፤ በዚያ የሚደሰት ሰው ሲያይ ያዝንለታል። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ስቄ አልፌዋለሁ። መሳቅ ያቆምኩት የራሴ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ነው።

እኔ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበርኩ። የበሽተኛ አንሶላ፣ የቀዶ ጥገና ክፍል ጨርቅ፣ የሐኪም ጋውን፤ ደም የነካውን ለብቻ፣ ያልነካውን ለብቻ ስለይና ሳጥብ ነው ጉልበቴ ያለቀው። የእጄ ቆዳ በሳሙናው ተልጦ ተልጦ ሌላ ቆዳ የወጣበት ይመስላል። ታዲያ ባለፈው ዓመት ሆስፒታሉ የእጥበቱን ሥራ ለሌላ ድርጅት ሰጠና እኛን አሰናበተን። ካሳውና የተጠራቀመልኝ ተደምሮ ስድስት መቶ ሺህ ብር ደረሰኝ።

ሲሰሙት ብዙ ነው። እየተነሳ ከተበላ ግን የት እንደገባ ሳይታወቅ ውሃ ይበላዋል። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወር በመጣ ቁጥር የራሴ የምለው ገንዘብ እንዲገባልኝ። ከተጋባን ጀምሮ ለጫማዬም፣ ለእናቴ መድኃኒትም፣ ለፀጉሬም ማንንም ጠይቄ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ «እስቲ ትንሽ ስጠኝ» ብዬ ባል ፊት መቆም ሞቴ ነው። ይህንንም አልደበቅሁትም፤ ቁጭ ብዬ በግልጽ ነገርኩት። «ገብቶኛል» አለኝ። «እኔ እያለሁልሽ ምን አሳሰበሽ? አሠራዋለሁ።»

መጀመሪያ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ አክሲዮን እያሻሻጠ ኮሚሽን ይበላል።

«እትዬ፣ አሥራ አራት ከመቶ ትርፍ ነው፤ ባንክ አሥር ነው የሚሰጥሽ» አለ።

ባሌ ሻዩን አስቀመጠ። «አሥራ አራቱ ከግብር በፊት ነው ከግብር በኋላ?»

«ጋሼ ደግሞ፤ ትርፍ ትርፍ ነው።»

«አይደለም። ከትርፍ ድርሻ ላይ ግብር ይቆረጣል። ደግሞስ ያለፈው ዓመት ስንት ከፈሉ?»

ወንድሜ ድርጅቱ ገና አዲስ መሆኑን፣ ተስፋው ግን ሰፊ መሆኑን መዘብዘብ ጀመረ። አንድም ዓመት ከፍለው አያውቁም ማለት ነው። ያን ቀን በባሌ ኮራሁ። አክሲዮኑን ከዝርዝሩ አወጣነው።

ከዚያ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ መጣ። ከታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ያለችውን ሱቁን ሸጦ ልጁ ጋ ሊገባ ነው። ዋጋው ስድስት መቶ ሺህ። ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ሴት በወር ሰባት ሺህ ልከራይ ብላ ትመላለሳለች። «እህቴ፣ ለሌላ ከመስጠቴ በፊት አንቺ ቅደሚ ብዬ ነው» አለኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ቁርጡን ንገሪኝ።»

ልቤ ሱቋ ላይ ቀረ። ሄጄ በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ግድግዳውን ነካሁት፤ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አንጋጥጬ አየሁ። በወር ሰባት ሺህ ማለት ሆስፒታል ሳለሁ እጄ ላይ ትደርስ ከነበረችው ብዙም የማያንስ ነው።

ባሌ ግን «ቆይ ላስላው» አለ። ሲያሰላ ደግሞ እንደ ሰው አያሰላም። ከሥራ ይመጣና ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይቀመጣል፤ የባንኩን በአንድ በኩል፣ የሱቁን በአንድ በኩል አድርጎ ይደረድራል። «ምን ደረሰ?» ስለው «አትቸኩይ» ይለኛል። ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ እንዳያገኘኝ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ባሌ ልቤን ነው ያወለቀው።

በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ባንክ፤ ወለዱ ስድሳ ሺህ፣ የወለድ ግብሩ ተቆርጦ በዓመት ሃምሳ ሰባት ሺህ። ሱቅ፤ ኪራዩ ሰማንያ አራት ሺህ፣ ግብሩ ተቆርጦ ሃምሳ አራት ሺህ ከስድስት መቶ።

«ባንክ ይበልጣል» አለ። «ያውም ያለ ጭቅጭቅ፤ የሚያፈስ ጣሪያ የለው፣ የሚጠፋ ተከራይ የለው።»

«ከሰማንያ አራት ሺህ ላይ ሠላሳ ሺህ ግብር?»

«ሠላሳ አምስት ከመቶ ነው። ሰንጠረዡ ነው፣ እኔ አላወጣሁት።»

«እኔ ሆስፒታል እያለሁ እንኳ እንዲህ ተቆርጦብኝ አያውቅም እኮ።»

«ያኔ ገቢሽ ትንሽ ነበር» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ብዬ ልከራከር? ሰንጠረዡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሆዴ እያወቀው፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም እያለኝ፣ ሄጄ ለፀጉር አስተካካዩ «አልሆነልኝም» አልኩት። ከንፈሩን መጠጠልኝ።

በሳምንቱ ግብር ቢሮ የሄድነው በሌላ ጉዳይ ነው። ባሌ «ሆስፒታሉ ከካሳሽ ላይ አብዝቶ ቆርጦብሻል፣ አልለቃቸውም» ብሎ ነው የወሰደኝ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ሲል ሽንጡን ገትሮ ነው የተከራከረው፤ ተመላሽም አስፈቀደልኝ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ፎርሙን ስትሞላ እሱ ደስ ብሎታል። በደስታው መሃል ያን የሱቅና የባንክ ንጽጽር ከቦርሳው አውጥቶ በመስታወቱ ሥር አሳለፈላት።

«እስቲ እዪልኝ፣ የጥገና ወጪ ከኪራዩ ላይ እስከ ስንት ድረስ ነው የሚነሳው?» አላት።

አየችው። ብዙ አየችው። «ሱቁ በማን ስም ነው የሚገዛው?»

«በእሷ። ገንዘቡ የእሷ ነው።»

«ሌላ ገቢ አላቸው?»

«የለኝም» አልኩ እኔ።

«ታዲያ ይሄ ከኪራዩ መስመር በላይ የተጻፈው ደመወዝ የማን ነው?»

«የእኔ» አለ ባሌ።

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ልታሳፍረው አልፈለገችም። «ጋሼ፣ ኪራይ የሚደመረው በባለንብረቱ ገቢ ላይ ነው እኮ። የእርስዎ ደመወዝ እዚህ ምን ይሠራል? ሠላሳ አምስት ከመቶ ላይ ያደረሰው እሱ ነው።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። እሷ ግን እርሳስ አንስታ እዚያው ወረቀቱ ጥግ ላይ ከዜሮ ጀመረች። የመጀመሪያው ሃያ አራት ሺህ ግብር የለበትም፤ ቀጥሎ ያለው ሃያ አራት ሺህ አሥር ከመቶ፤ የቀረው አሥራ አምስት ከመቶ። ጠቅላላ ግብሩ ስምንት ሺህ እንኳ አልሞላም። በእጄ የሚገባው ሰባ ስድስት ሺህ ከሁለት መቶ።

ባሌ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ሲያደርገው እንደገና አውልቆ ጠረገው። እኔ የተናደድኩት በቁጥሩ አልነበረም። ፋብሪካ ውስጥ አራት መቶ ሰው አለ፤ ባልና ሚስት ሆነው የሚሠሩም አሉ። የአንዱን ገቢ በሌላው ላይ ደምሮ አያውቅም፤ ቢደምር ያባርሩታል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ሳያስበው፣ የእኔን ኪራይ አንስቶ የራሱ ደመወዝ ጫፍ ላይ ሰቀለው። ከእሱ የተለየሁ አንዲት ሴት መሆኔ ትዝ አላለውም። ስሠራ ከርሜ፣ ግብር ስከፍል ከርሜ፣ የራሴ መለያ ቁጥር እያለኝ።

በታክሲ ተመለስን። ማቆሚያው ላይ ወርጄ ቀድሜው ሄድኩ። የሱቋ በር ተከፍቷል፤ ሁለት ሰዎች ፎቶ ኮፒ ማሽን ተሸክመው በሩን ለማሳለፍ ያጋድላሉ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቶቹን በብርድ ልብስ እየጠቀለለ ነበር።

«ከትናንት ወዲያ ተፈራረምን» አለኝ። «ባለመድኃኒት ቤቱ ነው የገዛኝ። ጠብቄሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ቅስሜ ስብር አለ።

ቤት ስንገባ ባሌ ተከትሎኝ ወጥ ቤት ገባ። «ያንቺም የእኔም አንድ ነው ብዬ እኮ ነው» አለ።

«አንድ ከሆነ የእኔ ስም ለምን ወረቀቱ ላይ የለም?»

ትቶኝ ወጣ። ማታ ራት አቅርቤ ስጠራው አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንዳለቀሰ አውቄአለሁ፣ ግን አንጀቴ አልራራም።

«አስልቼዋለሁ» አለኝ። «ባንክ ብታስቀምጪው ከሱቁ የሚጎድልብሽ በዓመት አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በወር አንድ ሺህ ስድስት መቶ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ወር በመጣ ቁጥር ከደመወዜ አንስቼ እሰጥሻለሁ። የተጣራ ነው፣ ምንም አይነካብሽም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ መስመር በመስመር አየሁት። ድምሩ ልክ ነው፤ ማካፈሉም ልክ ነው። ከልቡ እንደሆነም ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ወር በመጣ ቁጥር ከእሱ እጅ እንድቀበል ሊያደርገኝ ነው፤ ሞቴ ነው ያልኩትን ነገር ራሱን ካሳ ብሎ አመጣልኝ።

«ልክ አይደለም» አልኩና መለስኩለት።

መነጽሩን አደረገ፣ ብዕሩን አነሳ፣ ራቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎም የተሳሳተው የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ከላይ ጀምሮ መፈለግ ጀመረ።