ተምቹ ያልወደቀበት ቦይ

ወሬው የደረሰኝ በፍልሰታ መግቢያ፣ ከኪዳን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው። የምኖረው በባለቤቴ የሥራ ቦታ በቦንጋ ነው፤ የተወለድሁት ግን ከደባርቅ ቁልቁል፣ ዛሪማ አጠገብ ነው። የደወለችው ታላቅ እኅቴ የሻረግ ነበረች።

«በቆሎዬን ተምች ገባበት» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ እኔኑ ልታጽናናኝ ቀጠለች። «ግን አይዞሽ። የደብራችን አባት ቄስ ተገኘ ሰው ሰብስበውልኝ ዙሪያውን ቦይ እየተቆፈረለት ነው።»

ቦይ ስትል ደነገጥሁ።

«እታለም፣ ተምቹ ሲሄድ አይታችሁታል?»

«ሲሄድስ አላየነውም። ቅጠሉ ግን ተበሳስቷል።»

«ከመሐሉ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር አለ?»

«አለ። ምነው?»

አገራችን የሚያውቀው የጥንቱ ተምች በሰልፍ ይመጣል። ከሣሩ ተነሥቶ ምድሩን አልብሶ ይሄዳል፤ ያገኘውን በልቶ ያልፋል። ለእሱ ቦይ ይቆፈርለታል፤ ሲወድቅበት አፈር ይመለስበታል። አዲሱ መጤ ተምች ግን ሌላ ነው። ቦንጋ በየጓሯችን አውቀነዋል። እናቱ የእሳት ራት ናት፤ በሌሊት በርራ መጥታ ቅጠሉ ሥር እንቁላሏን ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል በቆሎው ልብ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል። በሰማይ የመጣውን ቦይ አያስቀረውም።

ቦዩን ተዉትና በእጅ ልቀሙት አልኋት።

«አባ ቦይ ካሉ እኔ ማን ነኝ? ደግሞ ሰው የራሱን አረም ትቶ ነው የወጣልኝ» አለችኝ።

የሻረግ ባሏ ካረፈ ወዲህ መሬቷን የእኩል እያሳረሰች ነው የኖረችው። ዘንድሮ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ያስዘራችው። በሬ ያዋሳት የባሏ ወንድም አያ ምትኩ ነው፤ እሱም «አንድ ዓመት ሞክሪው፤ ካልሆነልሽ ለእኩል አራሹ ይመለሳል» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ስለዚህ ለመሄድ ተነሣሁ። ባለቤቴ «በስልክ አይሆንም?» ቢለኝ «ቄስን በስልክ መቃወም ነውር ነው» አልሁት።

ከጎንደር ወዲያ

ከቦንጋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለውን መንገድ በዝርዝር አልጽፈውም፤ ዝናብና ኬላ ነበር። በፍልሰታ መጓዝ አንድ ደኅና ነገር አለው፣ ምሳ ፍለጋ አያንከራትትም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቄ ከጎንደር በሚኒባስ ወጣሁ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጣራው ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ሲጫን ቆምን። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«እትዬ፣ ያ ጃንጥላ መቀመጫ ይዟል። ይከፍላል ወይስ ይወርዳል?»

«ታቅፌው እሄዳለሁ» አልሁት።

ከጎኔ የተቀመጠችው የሽንኩርት ነጋዴ ሣቀችና ወደኔ ዞረች። «ለለቅሶ ነው የምትሄጂው?»

«አይ፣ ለበቆሎ ነው።»

«ውይ! ለበቆሎም ይለቀሳል?»

ነገሩን ስነግራት ሣቋን ተወች። እሷም አንድ ዓመት ሽንኩርቷ ቅጠሉ አምሮ አምሮ፣ ስትነቅለው ሥሩ በስብሶ እንዳገኘችው አጫወተችኝ። «ላይ ላዩን እያየሁ ታችኛው አለቀብኝ» አለችና ከቋጠሮዋ ሁለት ራስ ሽንኩርት አውጥታ ያዥ አለችኝ።

ዳባት በጉም ተሸፍኗል። ገብስና ባቄላው ለምልሟል፤ በዚህ ብርድ በቆሎ የሚዘራ የለም። የበቆሎ ትል መጣ ቢሏቸው ግር የሚላቸው ሰዎች አገር ነው። ከእነሱ ትንሽ ወረድ ብሎ የሰው ዓመት ሲበላ አይታይም።

ደባርቅ

ደባርቅ አድሬ፣ በማግሥቱ ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ የእርሻ መድኃኒት ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል።

«በቆሎው ምን ያህል ደርሷል?» አለኝ።

«ከፊሉ ወገብ አልፏል አሉ።»

«ትሉስ? ትንሽ ነው ትልቅ?»

«ገና አላየሁትም።»

«እንግዲያው ሳታዪ አትግዢ። ልቡ ውስጥ ጠልቆ ካደገ መድኃኒቱ አያገኘውም። ትንሽ ከሆነ ተመለሽ፤ ወይም እዚያው ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ጠይቂ። የሚረጨውም በጧት ወይም ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ ቀትር ላይ ተሸሽጎ ይውላል።»

ሊሸጥልኝ ሲችል አልሸጠልኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

ሊማሊሞን ስንወርድ

ከደባርቅ መንገዱ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ይወርዳል። ላይ ጉሙ ገደሉን ሸፍኖት ስለነበር አልፈራሁም፤ ከመሐል ሲገለጥ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ጋቢዬን አጠፍሁ። ዛሪማ ስንደርስ ሙቀቱ በር ላይ ተቀበለን። ማሽላው ቆሟል፤ በቆሎው ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም።

የሻረግ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ተሳሳምን። ከስታለች። ወደ ቤት ሳንገባ ቀጥታ ወደ ማሳው ሄድን።

ቦዩን አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያማረ ቦይ ነው። ማሳውን ዙሪያውን ይዞታል፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስላል። ያን ያህል አጥልቆ ለመቆፈር ስንት ሰው ከአረሙ እንደቀረ ገባኝ። ታችኛው ጥግ ላይ ዝናብ ተጠራቅሞ እንቁራሪት ይጮኽበታል። ትል ግን አንድም የለበትም።

ቄስ ተገኘ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። መስቀል ተሳለምሁ።

«አባ፣ ምን ያህል ወደቀበት?» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«አንድም» አሉ። ወደ ቦዩ እያዩ ቀጠሉ። «ልጄ፣ እኔ ሰልፍ የሌለው ተምች አላውቅም። በልጅነቴ ሲመጣ ድምፁ እንደ ካፊያ ነበር። አባቴ ቦይ አስቆፍሮ ነው ያዳነን። ያንኑ ነው ያደረግሁት።»

ምን ይባላል? አንድ አገዳ ጎንበስ አድርጌ «እስኪ ይባርኩና ልቡን ይግለጡልኝ» አልኋቸው። በወፍራም ጣታቸው ቅጠሉን ፈለቀቁት። እርጥብ ሰጋቱራው ፈሰሰ፤ ከሥሩ የጣት ግማሽ የሚያህል ትል ተጠቅልሎ ተገኘ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ወደ ጭራው ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣብ፣ ልክ እንደ አራት ነጥብ።

ቄስ ተገኘ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ይኼ ንባቡን ጨርሶ ነው የተቀመጠው» አሉ። ሊያስቁን ነበር፤ የሻረግ ግን አለቀሰች።

የለቀማው ሰሞን

የቀበሌዋ ግብርና ባለሙያ መጥታ አየችው። ከማሳው የላይኛው ግማሽ ቀድሞ የተዘራ ነው፤ ትሉ አድጎ ጠልቋል። የታችኛው ዘግይቶ ስለተዘራ ቁመቱ ገና እስከ ጉልበት ነው፤ ትሉም ገና ክር ያህላል። «ለታችኛው እንድረስ» አለች። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትጠሩኝ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና የየሻረግን ፊት አይታ ተወችው።

ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ቦዩን ከቆፈሩት ጎረቤቶች ጋር ለቀማ ገባን። ቅጠሉን ገልብጠን ጥጥ የመሰለ ሽፋን ያለበትን እንቁላል በጣታችን ጨፈለቅን። ትሉን እየለቀምን ውኃ ባለበት ጣሳ ጨመርን፤ ልቡ ውስጥም አመድ በተንን። ባለሙያዋ ያመጣችውን መድኃኒት ወደ ማታ ለታችኛው ማሳ አስረጨች።

ሴቶቹ እየለቀሙ ይቀላለዳሉ። ጎረቤታችን ወርቄ አንዱን ትል አንሥታ «ይኼስ ጾም አይዝም እንዴ? በፍልሰታ እንዲህ ወፍሮ!» ብላ አሳቀችን። ወንዶቹ ግን ቦዩን ሲሻገሩ «የአባ መቃብር» ማለት ጀመሩ። «የአባን መቃብር እለፍና ጣሳውን አቀብለኝ» ይላል አንዱ፤ ሌላው ይስቃል። ቄስ ተገኘ ከኋላቸው ቆመው ሲሰሙ አየሁ። በማግሥቱ ለቀማ አልመጡም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጡም።

ከመመለሴ በፊት አያ ምትኩ ማሳውን ዞሮ አየና ፍርዱን ሰጠ። «የላይኛው እንደማይሆን አንቺም ታውቂዋለሽ» አላት። «እሱ ለእኩል አራሹ ይመለስ። የታችኛውን ያዥ፤ በሬውን እኔ አውስሻለሁ።» የሻረግ አልተከራከረችም። «እሺ አያ፣ ይሁን» አለችና ለላይኛው ማሳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ቦንጋ

ቤቴ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የጓሮ በቆሎዬን ነው። እኔን ጠብቆ እሸት ይዟል። ደስታዬ ግን ጎዶሎ ነበር። ሰው ሰንፎ ቢሆን ኖሮ መቆጨት ይቀል ነበር። እዚያ ግን ማንም አልሰነፈም። መልካም ሰዎች በሙሉ ጉልበታቸው የቆፈሩት ቦታ ተሳስቶ፣ በቆፈሩባቸው ቀናት ትሉ እያደገ፣ ግማሽ ማሳ ከእኅቴ እጅ ወጣ። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህንን ነው፤ ፍቅርም ሲመጣ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት። እግዚአብሔር የታችኛውን ስላተረፈ ተመስገን እላለሁ፤ የላይኛውን ሳስብ ግን እስካሁን ጸሎቴ ይሰናከላል።

እናንተ ያን ሰሞን ዶማ ይዛችሁ የወጣችሁልን፣ ውለታችሁ አለብን። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ያን ቦይ የአባ መቃብር አትበሉት፤ ለእኅቴ የወጣ ላባችሁ ነው ያለበት። እኔ ሩቅ ነኝ። ለከርሞ በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ከቅዳሴ ስትወጡ በየሻረግ ማሳ በኩል እለፉና አንዱን አገዳ ልቡን ግለጡላት። ስትሄዱም ቄስ ተገኘን ጠርታችሁ ውሰዷቸው፤ የመጀመሪያውን እሳቸው ይግለጡት።