«ጤናዬ በእጄ ነው» የማይሉ ሰዎች

ነርስ ሆኜ ቢቸና በገባሁበት ቀን የተሰጠኝ መርፌ ሳይሆን መጠይቅ ነበር። አስተባባሪያችን ደረጀ ሥራውን ባጭሩ አስረዳኝ። የስኳር ሕመምተኞች ጤናቸውን የሚወስነው ማን ነው ብለው እንደሚያምኑ እንለካለን፦ ራሳቸው፣ ሐኪሙ ወይስ ዕድል። እኔ ዓረፍተ ነገሩን አነባለሁ፤ እነሱ እስማማለሁ ወይም አልስማማም ይላሉ፤ ቁጥሩን አከብባለሁ። የልጅ ሥራ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ተጠያቂ አንድ አዛውንት መሪጌታ ነበሩ። «ጤናዬ በራሴ እጅ ነው» ብዬ ሳነብላቸው አማተቡ።

«ልጄ፣ እንዲህ ተብሎስ ይነገራል?» አሉኝ።

እኔ አዳማ ነው ያደግሁት፤ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እዚህ ሰው ለነገ ገበያ እንኳ «እሱ ካለ» ሳይል ቀጠሮ አይሰጥም። ይህን ሰው ጤናዬን የማዘው እኔ ነኝ በል ማለት እግዜርን ድፈር ማለት ነው። ስለዚህ የሁሉም ውጤት ዝቅ አለ። ለደረጀ ነገርኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ሥራው ወደ ሞጣ ሲዛወር እኔም አብሬ ሄድኩ። እዚያ ግን ውጤቱ ወረቀት ላይ አልቀረም። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ሰው ኢንሱሊኑን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ዝቅ ያለው እየተመላለሰ ክሊኒክ ይወጋል ተባለ። ደሜ ፈላ።

እትዬ የሺወርቅ ዝቅ ካሉት አንዷ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ አገራቸው ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለመርፌው ሲሉ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግተው ከረሙ። ጤፋቸው ደርሶ አጫጅ ይጠብቃል፤ ካልገቡ የዓመት ቀለባቸው ሜዳ ላይ ይረግፋል።

መጠይቁን አስቀመጥኩና ሕመሙ ከያዛቸው ወዲህ ምን ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። ጠበል ገብተዋል፤ ግን መርፌውን አላቋረጡም። መርፌ ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም እንደሚጥል ሲነገራቸው የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ፍቱኝ ብለዋል። ቄሱ ሲያመነቱ፣ ካልፈቱኝ ሌላ የነፍስ አባት እይዛለሁ ብለው አስፈቅደዋል። ኢንሱሊን ሙቀት እንደማይወድ ሰምተውም እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ቤታቸው ጥላ ሥር አስቀብረዋል፤ ገና መድኃኒቱን ይዘው እንዲገቡ ሳይፈቀድላቸው።

ይህን ሁሉ ያደረገች ሴት ናት በጤናዋ ላይ ሥልጣን የላትም የተባለችው። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። የዚያኑ ቀን አወጋጉን ላስተምራቸው ጀመርኩ። እጃቸው እስኪለምድ በየጠዋቱ እያየኋቸው ራሳቸው ወጉ። ከዚያ ደረጀ ቢሮ ይዤያቸው ገባሁ።

ደረጀ ነጥቡን መቀየር አልችልም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንዱ አገሩ ገብቶ ስኳሩ ቢወድቅ ተጠያቂው እሱ ነው።

«ነጥቡን አትቀይር» አልኩት። «እጃቸውን ብቻ እይልኝ።»

እትዬ የሺወርቅ አማተቡ። መጠኑን ከመስኮቱ ብርሃን አንጻር አይተው ቀዱ፣ አየሩን አስወጡ፣ የሆዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ወጉ። ደረጀ ስኳርዎ ሲወርድ በምን ያውቃሉ አላቸው። ላብ ሲያጠምቀኝና እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ያኔ ስኳር እቅማለሁ አሉት። ከዚያ ፈገግ ብሎ ጠየቃቸው፦

«አሁንስ ጤናዎ በእጅዎ ነው?»

«ኧረ እሱ ያውቃል!» አሉ፣ ነጠላቸውን እየሳቡ። «የምሄድበትን መኪና እንዳያመልጠኝ ብቻ ፈርምልኝ፣ ልጄ።»

ፈረመላቸው። ጤፋቸውን አሳጭደው ከከመሩ በኋላ መድኃኒት ሊወስዱ መጡ፤ ስኳራቸው ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ይዞ የመሄድ ፈቃድ በነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰውየው ራሱን ሲወጋ ታይቶ ሆነ።

አሁን መጠይቅ ይዛችሁ ለምትወጡ የምለው ይህን ነው፦ ሰው ምን እንደሚያምን ከጠየቃችሁ በኋላ ምን እንዳደረገም ጠይቁ። ሁለቱ ካልገጠሙ፣ ያደረገውን እመኑ።