ትልቁ ድስት

በጣሊያን ጊዜ ነው። ሴት ልጃችን ቁይ ከሚባል አገር ተድራ፣ ወንዱ ዱር ገብቶ፣ ቤቱ ለእኔና ለባለቤቴ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስለ ልጁ ለሚጠይቀን ሁሉ «መርጡለ ማርያም ቅኔ ሊማር ሄዷል» እንላለን። መሪጌታ ስለሆንኩ ውሸቱ ያምርልኛል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ባሰብኝ። «ከአባቱ የተሻለ መምህር አገኘ?» እያሉ የሚያሾፉ ጎረቤቶች እንቅልፍ ነሱኝ።

ቅዳም ሹር ዕለት ዶሮውን አርጄ ለባለቤቴ ሰጠኋትና ከጀርባዋ ቆሜ ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ሽንኩርቱ እንደ ድሮው ነው፣ የጣደችው ትልቁን ድስት ነው፣ እንቁላሉም አራት።

«አንቺ ሴት፣ ሁለት ሰው አይደለን? ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«እጄ የሚያውቀው ለአራት ነው» አለች ቀና ሳትል። «ደግሞም ልጄ ነገ በጓሮ እመጣለሁ ብሎ ልኮብኛል። እርስዎ ቢላዎን ያስቀምጡና ወደ ማኅሌትዎ ይሂዱ።»

ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ይኖራል። ልጄን እናፍቃለሁ፤ መምጣቱን ግን ፈራሁ።

ከቅዳሴ ስንመለስ በወጡ ብቻ ጾማችንን ፈታን። ሥጋውን ሳንነካ ልጃችንን ጠበቅን። ረፋዱ ላይ ውሻው ሲጮህ ባለቤቴ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሰውየው የገባው ግን በፊት ለፊቱ በር ነው፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። ባንዳው ነበር።

«እንኳን አደረሰዎ፣ መሪጌታ» ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ድስቱ ላይ ነው። «ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ?»

ለነዳያን ነው ብለው ይበቃ ነበር። ፍርሃት ግን ቀደመኝና «ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ይሄ ምን ይበዛል? ሆዳም ነኝ፤ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «እንግዲያው ሲጨርሱ አይቼ እሄዳለሁ።»

ብላ ብንለው ጠግቤያለሁ አለ። ባለቤቴ አቀረበች። ፈረሰኛውን በላሁ፤ ክንፉን በላሁ። ለልጄ ሁልጊዜ የሚወጣለትን መላላጫ ሳነሳ ፊቷን አዞረች። ጓሮ ያለው የጌሾ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር መጣ፣ አለቀልን እላለሁ። አራተኛውን እንቁላል እየዋጥኩ ልጄ እንዳይመጣ ጸለይኩ። በፋሲካ ቀን!

ባንዳው አጎንብሶ ድስቱን አየ። «ለካ የእውነትም ሆዳም ነዎት» አለና ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ልጄ በጓሮ በኩል ገባ። ከስቷል። እናቱ አቅፋ እየሳመችው በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝ። የሆነውን ብትነግረው ቁጡ ነውና ባንዳውን ተከትሎ ይወጣል።

«ወጡን ለነዳያን አከፋፍለነው አለቀ፣ ልጄ» አለችው።

«ደግ አደረጋችሁ» ብሎ ሳቀ።

በእንጀራ የድስቱን ዙሪያ ጠራርጋ አቀረበችለት። ምን ያህል ቀን እንደራበው እንጃ፤ ዓይኑ ከመሶቡ አልተነሳም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይጉረሱ።»

እስከ ጉሮሮዬ ጠግቤ ነበር። አፌን ከፈትኩለት።