ያልጠራሁት ሰው

ገጀራው የተነሳው በእኔ ላይ ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ "ወንድሙ በቤት ሽያጭ ጠብ ሞተ" ሲል ዝም ብያለሁ። አሁን ልጻፈው። እንዴት እንደሚጀመር ግን በደንብ አላውቅም።

ወንድሜ ቡና ነጋዴ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናታችንንም እኔንም የያዘን እሱ ነው። የምንኖረው ቴፒ ነበር። ለዓመታት የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ከአስፋልቱ በላይ ባለው የባለሀብቶች ሰፈር፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ያለው ፎቅ። ሲያገኘው መጀመሪያ ያሳየኝ ጣሪያውን ነው። ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው።

"ቡና አሰጣበታለሁ" አለኝ። "እማዬ ወንበሯን ይዛ ወጥታ ትጠብቀዋለች።"

"ባለሀብቶቹ ያብዳሉ" አልኩት።

"ይበዱ። ሽታው በነጻ ነው፣ አናስከፍላቸውም።"

የፎቁ ባለቤት በዕድሜ የገፋ ነጋዴ ነው። የታችኛውን ሱቅ የሚሠራበት ታናሽ ወንድሙ ነበር። ሚስማር፣ አካፋ፣ ለቡና ምንጣሮ የሚሆን ገጀራ ይሸጣል። ካርታው በታላቁ ስም ቢሆንም የሱቁን ግድግዳ በእጁ የለሰነው ታናሹ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ሁለቱ ተኳርፈዋል። ቤት ሲገዛ ደግሞ እንዲህ ያለ ዘመድ ሳይጠራ አይፈረምም። ገዢው ሰው ይልክበታል፤ ቅር የሚለው ነገር ካለ መጥቶ በሽማግሌ ፊት ይናገራል። ሻጩም "እኔን አይሰማኝም፣ እናንተ ጥሩት" አለ።

ወንድሜ እኔን ላከኝ። "በትህትና ንገረው" አለኝ። "ነገ ጠዋት ይምጣ። ድርሻ አለኝ ካለ እዚያው እንነጋገራለን።"

ዝናብ ነበር። ከቴፒው ሚኒባስ ወርጄ ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ጫማዬ በጭቃ ተለውሷል። ባለሱቁ ከደንበኞቹ ጋር ያወራ ነበር።

"ቁም! የቴፒን ጭቃ ሴራሚኬ ላይ ልታራግፍ ነው? ጥረግ መጀመሪያ!"

"እግሩ ነው ጫማው? አልለይ አለኝ እኮ" አለ አንዱ ደንበኛ። ሳቁብኝ። ባለሱቁ ካርቶን ቀዶ እግሬ ሥር ወረወረልኝ። "ጥረግ፣ ጩጬ።"

አልጠረግኩም። መልእክቱንም አልተናገርኩም። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ያን ዓመት ነበር፣ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዞሬ ሄድኩ። ለወንድሜ "ነግሬዋለሁ፣ አልመጣም ብሏል" አልኩት።

"እንዲህ አለ?"

"እንዲህ አለ።"

በማግስቱ ፈረሙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ አዲስ ጓጉንቸር ገዝቶ አስያዘኝና አብረን ሄድን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ላይኛው ቤት የሚያስወጣው ደረጃ ከሱቁ በር አጠገብ ይጀምራል። ባለሱቁ በሩ ላይ ሚስማር ይመዝን ነበር።

"ጓጉንቸሩ ለምንድነው?"

"ለላይኛው በር" አለ ወንድሜ። "አንተ አትቸኩል፣ ሱቁን ለጊዜው ያዘው።"

"ለጊዜው ማለት?"

"ወንድምህ ሸጦልኛል እኮ። ጥሪ ልኬብህ አልመጣም ብለሃል።"

"እኔን? ማን ጠራኝ?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "ጠርቼዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

ባለሱቁ የሚመዝነውን ገለበጠው። ሚስማሩ ሴራሚኩ ላይ ተበተነ። "በእናትህ ማልልኝ! አንተ ውሸታም፣ በእናትህ ሞት ማልልኝ!"

አልማልኩም። ወንድሜ ፊቴን አየው። ለረጅም ጊዜ አልነበረም፣ ግን አየው። ባለሱቁ ከግድግዳው ከተሰቀሉት ገጀራዎች አንዱን መንጭቆ መጣብኝ። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ መሸሻ የለም። ወንድሜ በደረቴ ገፍቶ ጣለኝና መሃል ገባ። የመጀመሪያው አንገቱ ሥር አረፈ። ሁለተኛው ያነሳው እጁ ላይ። ሦስተኛ አልነበረም። ደሙ ደረጃውን ወርዶ ሚስማሩ መሃል ገባ።

ባለሱቁ ገጀራውን ጣለ። "እሱን አልነበረም" ይላል። "እሱን አልነበረም።" የባጃጅ ሾፌሮች ደርሰው በድንጋይ፣ በካልቾ ወረዱበት። ወድቆም "ልጁ አልጠራኝም!" እያለ ይጮሃል። ጓጉንቸሩ እጄ ውስጥ ነበር። ጨብጬው አፉን መታሁት። ጥርሱ ሲሰበር ጣቶቼ ላይ ተሰማኝ። ደግሜ መታሁት። ሰው ሐዘን መሰለው። እኔ ግን እንዳይናገር ነበር።

ወንድሜ ሆስፒታል ሳይደርስ ጭኔ ላይ ሞተ።

አጎቴ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልተወኝም። "የወንድምህን ደም የምትመልስ አንተ ነህ" ይለኛል። "ገዳዩ ቢታሰር ልጁ አለ።" ገጀራ ገዝቶ አመጣልኝ። ሁለት ጠዋት ከጃኬቴ ሥር ይዤው ሚዛን ሄጃለሁ። የባለሱቁ ልጅ እኩያዬ ነው። ሱቁን ሲከፍት፣ ጎንበስ ሲል፣ አንገቱን አየሁት። ሁለቱንም ቀን ተመለስኩ። አጎቴ "ፈሪ" ብሎ በጥፊ መታኝ።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሻጩ ስለ ታናሽ ወንድሙ ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። አጎቴ ሊያባርራቸው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እስረኛው አልተጠራሁም ብሎ ይምላል። ተጠርቶ እምቢ ብሎ ከሆነ የምንለምንበት አፍ የለንም፣ እንሄዳለን። ጠርተኸዋል?"

"ወንድሙ የሞተበትን ልጅ ነው የምትመረምሩት?" አለ አጎቴ።

የባለሱቁ ልጅ ጎንበስ ሲል ያየሁት አንገቱ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። አዎ ካልኩ ገጀራውን ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ እንደምሄድ አውቄያለሁ።

"አልጠራሁትም" አልኩ። "ጫማህን ጥረግ አለኝ። ተናድጄ ተመለስኩ።"

አጎቴ ሆዴ ላይ ረገጠኝ። ወደቅኩ። ሊደግመኝ ሲል እናቴ "ተወው" አለችው። ከዚያ እኔን፣ "ወንድምህ መሃል ሲገባ አውቆ ነበር?"

"ፊቴን አይቶ ነበር፣ እማዬ።"

"አውቆ ነበር ወይ አልኩህ።"

"አውቆ ነበር።"

ተነሳች። ሻጩ ወደተንበረከከበት ሄዳ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳችውና ወደ እኔ መጣች። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፤ ጭንቅላቴን የምትፈልጠው መስሏቸዋል። እኔም መስሎኛል። ከወደቅኩበት ተንበርክኬ ራሴን አጎነበስኩ። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስቀመጠችው።

"ያዘው" አለችኝ።

በሁለት እጄ ያዝኩት።