እትዬ ስመኝ ባዮሎጂ ሲደርሳቸው

ስምንተኛ «ሀ» ክፍል የባዮሎጂ ፔሬድ ሲደርስ ኮሽታ አይሰማም ነበር። በሒሳብ ፔሬድ ጠመኔ የሚወራወሩት፣ በሲቪክስ ፔሬድ ከዴስክ ሥር ቆሎ የሚቆረጥሙት ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። እትዬ ስመኝ ገብተው «ጉድ ሞርኒንግ» ይላሉ፤ ቆመን እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አንሰማም። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ደወል እስኪደወል ኖት ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን። ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ዝምታቸውን ቁጣ ነው ብለን ስለተረጎምነው፣ አንድ ቀን ዞር ያሉ እንደሆነ የሚያደርጉንን ነበር የምንፈራው።

እሳቸው ደግሞ እኛን ይፈሩን እንደነበር ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ያወራችኝ ልጃቸው ሩቲ ናት። ከሩቲ ጋር አንድ ክፍል ነበርን፤ ካዛንቺስም የምንኖረው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጭቃ ግድግዳ በተለያዩ ሁለት የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ነበር። አባቷ አቶ አጥናፉ የመንገድ ሥራ ሹፌር ስለነበሩ አብዛኛውን ጊዜ ፊልድ ናቸው። ስለዚህ እትዬ ስመኝ የሆዳቸውን የሚያወሩት ለልጃቸው ነበር።

እትዬ ስመኝ ባዮሎጂ አልተማሩም። ጎጃም ተወልደው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጡት በሆም ኢኮኖሚክስ ነው። ድሮ በትምህርት ቤታችን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የገባ ተማሪ እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን በግድ ይማርና በዚያ ላይ አንድ የሙያ ትምህርት ራሱ ይመርጥ ነበር። የእጅ ሥራ አለ፣ ግብርና አለ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ አለ። የእትዬ ስመኝ ክፍል ከሜዳው ጥግ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ሁለት የእግር ሲንጀርና አንድ ቡታጋዝ ነበራት። ከእኛ በፊት የተማሩት እንደሚሉት እዚያ ውስጥ እትዬ ስመኝ ወሬያቸው አያልቅም። ኪሮሽ እያስያዙ ያወራሉ፣ ቦምቦሊኖ እያስጠበሱ ያወራሉ፣ የተቃጠለባት ልጅ ላይ ይቀልዳሉ። ሁሉም በአማርኛ ነው። የምርጫ ትምህርት ስለሆነ በእንግሊዝኛ አስተምሪ ብሎ የመጣባቸው የለም፤ ሚኒስትሪ ላይም አይፈተንም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የምርጫ ትምህርቶቹ ቀሩ። ሲንጀሮቹ ተቆለፈባቸው። በ1988 መስከረም ዳይሬክተሩ አቶ ብርሃነ መምህራኑን ሰብስበው ፔሬድ ሲያከፋፍሉ፣ ትምህርታቸው የቀረባቸው መምህራን ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠው ነበር።

«ወይዘሮ ስመኝ፣ እርስዎ ስምንተኛ ባዮሎጂ» አሉ አቶ ብርሃነ።

«ኧረ አቶ ብርሃነ! እኔ ባዮሎጂ የት አውቃለሁ?»

«ምን ማለትዎ ነው? ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬት እያሉ ሲያስተምሩ አልነበረም እንዴ? በቃ ባዮሎጂ ማለት እሱ ነው። የቀረውን መጽሐፉ ይነግርዎታል።»

ሰዉ ሳቀ። የእጅ ሥራ መምህር የነበሩት ጋሽ ፀሃዬ ደግሞ ፊዚክስ ደረሳቸው። እሳቸው አልተከራከሩም። ሲወጡ እትዬ ስመኝን በክንዳቸው ያዝ አድርገው፣ «መጋዝ የያዘ ሰው ፊዚክስ ያውቃል ብለው ነው መሰለኝ» አሏቸው። «አይዞሽ። እኔ ዘዴውን ልንገርሽ። የማታውቂውን ጠየቁሽ? ሆምወርክ ነው በያቸው። ሠርታችሁ ኑ በይ። በማግስቱ አንድም ልጅ አያነሳውም።»

«የሚያነሳ ከመጣስ?»

«ጎበዝ፣ ቁጭ በል ትይዋለሽ።»

እትዬ ስመኝ ግን ይህን ለማለት እንኳን ዞር ማለት ያስፈልጋል ብለው ፈሩ። ለዚህ ነው ሰሌዳው ላይ የቀሩት።

አመሻሽ ላይ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። የነገውን ኖት ጮክ ብለው በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ሩቲ ታርማለች። አንዱን ቃል አራት አምስት ጊዜ ይሉታል። ሩቲ ትስቅና እናትዮዋ ዝም ሲሉ እሷም ዝም ትላለች። ባዮሎጂ ባለበት ቀን ቁርስ አይበሉም ነበር አለችኝ። በር ላይ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ እንደገና ጫማቸውን ይጠርጋሉ። መንገድ ላይ አይነጋገሩም። ትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ ሩቲ ትቀድማለች፤ ክፍል ውስጥ «እማዬ» ማለት ክልክል ነው፣ «ቲቸር» ነው የምትላቸው።

ከገና በኋላ ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ ተነገረ። ከወረዳው ሳይሆን ከዞን ነው አሉ፤ ክፍል ገብቶ እያንዳንዱን መምህር ሲያስተምር ያያል። ያልቻለ ይነሳል። ተነስቶ የት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም። አንዱ መጋዘን ጠባቂ ይደረጋል አለ፣ አንዱ በቃ ይሰናበታል አለ። በዚያ ጊዜ ስብሰባና ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ የበዛበት ስለነበር ሁሉም ወሬ እውነት ይመስል ነበር። እትዬ ስመኝ የሰሙ ዕለት ቤታቸው ገብተው ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ተቀመጡ።

«ከማስተማር ሌላ ምንም ሥራ ሠርቼ አላውቅም» አሏት ሩቲን። «ከዚያ ካስወጡኝ ምን እሆናለሁ?»

«ማን ያስወጣሻል? ትችያለሽ እኮ!»

«አንቺ ማታ ስለምትሰሚኝ ነው። ሰው ሲያየኝ እኮ ሁሉም ይጠፋብኛል።»

ያኔ ነው ሩቲ መላ ያገኘችው። ሱፐርቫይዘሩ የሚገባበት ቀን ትምህርት ስለ ልብ ነው። እናትዮዋ ያጠኑትን በቃላቸው ይናገራሉ፤ ከዚያ «ጥያቄ ያለው» ሲሉ ሩቲ እጇን ታወጣለች። የልብ የግራ ግድግዳ ከቀኙ ለምን ይወፍራል ብላ ትጠይቃለች። እሳቸው ይመልሳሉ፦ የግራው ደሙን ወደ መላ አካል ስለሚገፋ ነው። ሱፐርቫይዘሩ መምህርቷ ጥያቄ እንደምትቀበል ያያል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። ይቺን ጥያቄና መልስ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመዷት። እኔ ራሴ በግድግዳው ሰምቼ በቃሌ ይዣት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ አቶ አጽብሃ ዝግ ያሉ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሰው ነበሩ። ከአቶ ብርሃነ ጋር ገቡና ወንበር ሳይጠብቁ የሚቀመጡበት ዴስክ ፈለጉ። አቶ ብርሃነ ወጡ። ሰውየው ከኋላ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ያዩት ሩቲና መርሃዊት የተቀመጡበት ዴስክ ላይ ነው። «ጠጋ በሉ ልጆቼ» አሉና ከሩቲ አጠገብ ቁጭ አሉ። የካፖርታቸው እጅጌ ክንዷን ይነካታል። ሩቲ አንገቷን እንደደፋች ቀረች።

እትዬ ስመኝ ዞሩ። ፊታቸውን በሙሉ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከንፈራቸው ደርቋል። መናገር ጀመሩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ሳይቆሙ፣ ዓይናቸውን ከበላያችን ግድግዳው ላይ ተክለው። ልብ አራት ክፍል አለው አሉ። ደም ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ተናገሩ። አንድም አልሳቱም፤ ግን እየፈጠኑ ሄዱና የሃያ ደቂቃውን በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። ጠመኔው ላቡን ጠጥቶ እጃቸው ላይ ረጥቧል።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ።

ሩቲን አየኋት። እጇ ጭኗ ላይ ነው። እናትዮዋም አዩዋት። እጇ አልተነሳም። ኋላ ስትነግረኝ፣ «ሰውየው ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ እጄን ባነሳ ልቤ ሲመታ የሚሰማ መሰለኝ» ነው ያለችው።

«ጥያቄ የለም?» አሉ አቶ አጽብሃ ከኋላ። «እንዴ፣ አትፍሩ ልጆች።»

አትፍሩ ሲባል መሓሪ ተነሳ። መሓሪ ከማንም ጋር የሚከራከር፣ ግን ክፋት የሌለበት ልጅ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በእጁ ደረቱን እየመታ ጭምር ጠየቀ፦ ሐኪም ቤት የልብ ማዳመጫ አስይዘውት ነበር፤ ልብ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ሁለት ድምፅ ይሰማል?

እትዬ ስመኝ ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም። እጅ መነሳቱን ብቻ ነው ያዩት መሰለኝ። መሓሪ ገና ሳይጨርስ፣ «የግራው ግድግዳ የሚወፍረው ደሙን ወደ መላ አካል ስለሚገፋ ነው» ብለው በእንግሊዝኛ መለሱ። አንዲት ቃል ሳትጎድል።

መሓሪ ወደ ግራና ቀኝ አየ። «ቲቸር፣ እሱን አይደለም እኮ የጠየቅሁት» አለ በአማርኛ።

የሳቀ የለም። እኔ ዴስኬን ይዤ ነበር። አሁን ያባርሩታል ብዬ ጠበቅሁ። ወይ «ቁጭ በል» ይሉታል፣ ወይ «ሆምወርክ ነው» ይሉታል። ጋሽ ፀሃዬ ቢሆኑ እስካሁን ብለው ጨርሰው ነበር። እትዬ ስመኝ ጠረጴዛውን ደገፍ አሉ።

«ጥያቄህን አልሰማሁትም» አሉ በአማርኛ። «ፈርቼ ነው። እስቲ ድገምልኝ።»

መሓሪ በአማርኛ ደገመው።

«እሱን አላውቀውም» አሉ።

አቶ አጽብሃ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱና ደወል እስኪደወል ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠሩ። አቶ አጽብሃ ክፉ አልተናገሯቸውም። «እርስዎን ልጎዳ ብዬ አይደለም» አሏቸው። «ግን እነዚህ ልጆች ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ፤ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አላውቅም ያለ መምህር ትቼላቸው ብሄድ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ቄራ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ጎድሏል፤ በአማርኛ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ሄደው ያስተምራሉ አሏቸው። እትዬ ስመኝ ሌላውን ሁሉ አልሰሙም፤ «ያስተምራሉ» የምትለዋን ብቻ ይዘው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ሩቲ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች።

«እጄን ሳላወጣልሽ!»

«ተይ ተነሺ። እኔም ብሆን አላወጣም ነበር።»

ሰኞ ከመድረሱ በፊት ግን ዓርብ አንድ ፔሬድ ነበረን። ሌላ መምህር ገና አልተመደበም። የሚመጡ አልመሰለንም፤ ስለዚህ ክፍሉ ገበያ ሆኖ ነበር። እትዬ ስመኝ ገቡና በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያውን ጭምር ለመሸጎር ሞከሩ፤ ተሰብሮ ስለነበር ዴስክ አስጠጉበት። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም።

«መሓሪ» አሉ። «ትናንት ሰፈራችን ያለችውን ነርስ ሸዋአየሁን ጠየቅኋት። ልብ ውስጥ በሮች አሉ። ደም ካለፈ በኋላ ተመልሶ እንዳይመጣ ይዘጋሉ። መጀመሪያ ሁለቱ አብረው ይዘጋሉ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። የሰማኸው በሮቹ ሲዘጉ ነው።»

«በሮቹ ብቻ ናቸው? ልቡ አይደለም?»

«በሮቹ ናቸው አለችኝ።»

«ቲቸር፣ ስንፈራ ለምን ይፈጥናል?» አለች መርሃዊት።

«ይሄን እንኳን እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ከየአቅጣጫው ጥያቄ መጣ። ሦስቱን አወቁ፣ ሁለቱን «ይቺን አላውቅም» አሉ። በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ድምፃቸው ሲጨምር በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩና ይቀንሳሉ። እኛም አብረን እንቀንሳለን። ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ማስተማር እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን።

መርሃዊት ያልተመለሰላትን ጥያቄዋን ስትደግም ዞር ስል አቶ ብርሃነ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላውቅም። በሩን ገፉት፤ ዴስኩ ወለሉን እየፋቀ ተንቀሳቀሰ።

«ወይዘሮ ስመኝ» አሉ ከበሩ ክፍተት። «በእንግሊዝኛ ነው እኮ!»

እትዬ ስመኝ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አውቃለሁ አቶ ብርሃነ» አሉ። «እስኪደወል ነው።»

አቶ ብርሃነ እኛን አዩን። ሰዓታቸውን አዩ። ሊናገሩ አስበው ተዉትና በሩን መልሰው ገጠሙት። ጫማቸው በኮሪደሩ ላይ ሲሄድ ተሰማን፤ ይመለሳሉ ብለን ጆሯችንን ጥለን ጠበቅን። እትዬ ስመኝም በሩን እያዩ ጠበቁ። ከዚያ ጠረጴዛውን ለቀቁና ወደ እኛ ዞሩ።

«እሺ መርሃዊት» አሉ፣ ድምፃቸው ገና ሳይረጋ። «ምን ነበር ያልሽኝ?»