ጥቁር ቀለም ላይ ያረፈ ኖራ

ስህተቱ የእኔ ነው፤ ማስረጃውንም በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ለዝግጅት ክፍሉ የላክኩት ዜና፣ ረመዳን ሊገባ ስለተቃረበ በግንብ የተከበበው የሐረር ጁገል ነዋሪዎች የግድግዳቸውን አሮጌ ኖራ እየፋቁ አዲስ መቀባት መጀመራቸውን ይናገራል። በየዓመቱ የምጽፈው ዜና ነው። ዜናውን ላክኩ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ፣ ከተከራየሁባት ክፍል ወጥቼ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀመጥኩና የሰርጓጅ መርከብ ሞዴል ጥቁር ቀለም መቀባት ጀመርኩ። ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም።

ሞዴሉ የእኔ አልነበረም። ባለቤቱ ሐኪም ጋራ በሚባለው ኮረብታ ላይ የሚኖሩ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አገራችን ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ይህን ጉዳይ አንስቼባቸው ነበር፤ አልተቀየሙኝም። በወጣትነታቸው ለሥልጠና ሶቪየት ኅብረት በተላኩበት ጊዜ፣ ለጥገና ደረቅ ላይ የወጣ አንድ ሰርጓጅ መርከብ አስጎብኝተዋቸዋል። ውስጡ የቆዩት አንድ ሰዓት ያህል ነው። «በዕድሜዬ አንድም ቃል ያልተናገርኩባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት» ይላሉ፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ያምናቸዋል።

ሞዴሉን ከነካርቶኑ ያመጣላቸው የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ነው። ሊገጣጥሙት ሲሉ ዓይናቸው ደከመ፤ ካርቶኑ ቁምሳጥን ላይ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ትናንሽ አውሮፕላኖችን እንደምገጣጥም ስለሚያውቁ አስጠሩኝ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙ በአዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው፤ ሐኪሙም ብርሃኑ ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባላቸውም።

«እሑድ እሄዳለሁ» አሉኝ። «ከዚያ በፊት መርከቡን ልየው። የኋላውን ፈጣሪ ያውቃል።»

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ መድረስ ነበረበት። ከወገቡ በታች ያለውን ጠቆር ያለ ቀይ ባለፈው ሳምንት ቀብቼ ጨርሼ ነበር። የቀረው ላይኛው ጥቁር ብቻ ነው። በብሩሽ ሁለት ጊዜ አስኬድኩበት፤ እንደ መስታወት አበራ። ስልክ ጮኸና ክፍሌ ገብቼ አነሳሁ። ስመለስ መርከቡ ላይ በረዶ የጣለበት ይመስል ነበር።

አከራዬ በሻርፕ አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በርጩማ ላይ ቆመው፣ የግቢውን ግድግዳ ይፍቃሉ። ነፋሱም ወደ እኔ ነው።

«እማማ፣ ዛሬ ነው እንዴ የሚፍቁት?»

«በየዓመቱ ለአገር ሁሉ የምታወራው አንተ አይደለህ? ለራስህ ማን ይንገርህ?» ብለው ወረዱና ቀረብ አሉ። «ደግሞ ይሄ ዓሣ ምንድን ነው?»

«መርከብ ነው፣ ውኃ ውስጥ የሚሄድ።»

«ሐረር ላይ? ሱብሃነላህ! እኛ የቧንቧ ውኃ ስንጠብቅ አንተ መርከብ ትሠራለህ።»

መሳቅ ሲገባኝ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ትልቁን የኖራ ቅንጣት በጣቴ ጫፍ ላነሳ ስል የጣቴ አሻራ እርጥቡ ቀለም ላይ ታተመ። ሌላውን በጨርቅ ላብስ እጄን ስዘረጋ እማማ እጄን መቱኝ።

«አትንካው! ኖራም እንደዚህ ነው። እርጥቡን የነካ ሁለቴ ይቀባል። ተወው ይድረቅ፤ ከዚያ ትፍቀዋለህ።»

የሐረር ቤት የውስጥ ግድግዳ በየዓመቱ ሲቀባ ከልጅነታቸው ጀምሮ እጃቸው ያለበት ሴት ናቸው፤ አልተከራከርኩም። የማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ጉድለቶቹን አንድ በአንድ መዘገብኩ። ላይኛው ጥቁር ላይ አሥራ ዘጠኝ የኖራ ቅንጣት። ከመርከቡ ጀርባ ብቅ ያለው ማማ አጠገብ አንድ አሻራ። ብሩሹ ብዙ ቀለም የያዘበት አንድ ቦታ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተኮማተረ ገጽ። ደብተሩን ከመዝጋቴ በፊት ሞዴሉን ገልብጬ ሆዱን አየሁ። ቀዩ ቀለም ባለፈው ሳምንት ወርዶ እንደ ሻማ ጠብታ ደርቋል። እሱንም ጻፍኩት፤ አጠገቡ ግን «አይታይም» የሚል ጨመርኩ።

ረቡዕ ምንም አልነካሁም። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከጁገል ግንብ ውጭ መኪና የሚቀባ ሰው ዘንድ ሄጄ እሱ ዘንድ ካለው ሁሉ የለሰለሰውን፣ በውኃ የሚሠራበትን የብርጭቆ ወረቀት ለመንኩ። የጥፍር ያህል ቀድዶ ሰጠኝና «ምን ዓይነት መኪና ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ወረቀቱን መልሶ ተቀብሎኝ ከዚያም የሚለሰልስ ሰጠኝ።

ወረቀቱን ላጲስ ላይ ጠቅልዬ፣ የሳሙና ጠብታ ባለው ውኃ እየነከርኩ፣ ሳልጫን አሸሁ። ለአንድ ቅንጣት ሠላሳ ጊዜ ያህል፤ ከዚያ መጥረግና ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት። በጣም ካሹት የታችኛው ፕላስቲክ ይወጣል፤ ከተዉት ኖራው ይቀራል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ እየጠቆረ ሄደ። አሻራውና የተኮማተረው ቦታ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ወሰዱ። ዓርብ በስሱ ቀባሁት። ገና ብሩሹን ሳላስቀምጥ እማማ ባዶ ትልቅ ሳፋ ይዘው መጡና አቧራ እንዳያርፍበት ራሳቸው ገልብጠው ከደኑበት።

«ሳፋው ታጥቧል፤ ኖራ የለበትም» አሉ። «አሁን ወደ ዜናህ ሂድ።»

ሆዱ ላይ ያለው ጠብታ እንዳለ ነበር። እሱን ለማስተካከል ሌላ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። በሥራዬ ቦታ ሲያጥር ከዜና ምን እንደሚቀነስ አውቃለሁ። ይህንንም እንደዚያ ቀነስኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ ይዤ፣ ሞዴሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲቀበሉኝ እጃቸው መጀመሪያ ያገኘው ክንዴን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓይናቸው የባሰ ደክሟል፤ በስልክ ስናወራ ግን ይህን አልነገሩኝም። መርከቡን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና በጣታቸው ጀመሩ። አፍንጫውን፣ ማማውን፣ መሪውን ነኩ። ኖራው የነበረበት ቦታ ላይ ጣታቸው ሳይደናቀፍ አለፈ። አውራ ጣታቸው ሆዱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምንድን ነው?»

«ቀለም ወርዶ ነው፣ ጋሼ።»

«አይተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«እና?»

«የሚታይ አልመሰለኝም።»

ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ አሁን የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው!»

መርከቡን መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ውሰደው፣ አስተካክለው። ስመለስ አየዋለሁ።»

«ከመሄድዎ በፊት ሊያዩት አልነበር እንዴ?»

«ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያላለቀ ሥራ ትቼ ብሄድ ይሻለኛል። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ይመለሳል።»

እሑድ ሄዱ። ረመዳን ገባ። ጠብታውን በሁለት ቀን ሳይሆን በአምስት ቀን አስተካከልኩት፤ የሚያጣድፈኝ አልነበረም። እማማ ከጾማቸው ጋር ድካም ቢሰማቸውም በየጠዋቱ በክፍሌ በር ሲያልፉ «የዓሣው ባለቤት ምን ተባሉ?» ይላሉ። ፋሻው አልተፈታም እላቸዋለሁ። «ዱዓ ላይ ነኝ» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሆዱን በጣታቸው ዳበሱና «ማሻአላህ፣ አሁን ተቀባ» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ደወሉ። «መጥቻለሁ። ዕቃዬን ይዘህ ና» ብቻ አሉ። ስለ ዓይናቸው አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በስልክ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ «ደህና ነው» የሚል ብቻ እንደሆነ ከሥራዬ አውቃለሁ።

ጥቁር መነጽር አድርገው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። መርከቡን ሰጠኋቸው። መነጽሩን አወለቁ። ሆዱን ይዳብሳሉ ብዬ ስጠብቅ አልዳበሱም። ከአፍንጫው ጀምረው በዓይናቸው ሄዱ፤ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ አልለካሁም። ጅራቱ ጋ ሲደርሱ ግንባራቸው ተኮሳተረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕሮፔለሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ፕሮፔለር መሆኑን መች አጣሁት! ቀለሙን ነው የምልህ። ወርቅ ቀባኸው እንዴ?»

«መመሪያው ወርቃማ ይላል።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው መርከቡን ደረቅ ላይ አላየውም። እኔ ሥሩ ቆሜ አይቼዋለሁ። ነሐስ ነው፤ የቆየ፣ የደበዘዘ ነሐስ። አንተ የሙሽራ ቀለበት አስመሰልከው!»

በሥራ ዘመኔ ብዙ የእርምት ጥያቄ ደርሶኛል፤ ከዚህ በፊት ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት አንድም የለም። ደብተሬን አወጣሁና «ፕሮፔለር፤ የቆየ ነሐስ» ብዬ ጻፍኩ። ከጅራቱ ሥር ያሉት ፕሮፔለሮች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ ለማጣራት ጠየቅኩ።

«ሦስቱም?»

መርከቡን ከፊታቸው አንድ ክንድ ያህል አራቁት።

«ሦስቱም» አሉ። «የግራው ደግሞ አንዱ ክንፉ ቀለም አልደረሰውም።»