አምስተኛዋ ስም

አቀስታ ኬላ ላይ ወርደን ገና ሳንፈተሽ ራሴን ፈተሽኩ። ከመካነ ሰላም በማለዳ ስንነሳ የሟቹን የልጅ ልጄን የሕክምና ካርድ ያዝኩ ብዬ በጉያዬ ሸጉጬ ያመጣሁት የመሬት ደብተሬ ኖሯል።

“ለሐኪሟ ሊያወርሷት ነው፣ አባባ?” አለች ምራቴ ዘነቡ።

የምንሄደው ደሴ፣ የሟቹን ሕፃን የደም ምርመራ ውጤት ልንሰማ ነው። የዘነቡ የመጀመሪያ ልጅ በተወለደ በሳምንቱ አልፏል፤ አሁን ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ፣ ልጄ፣ ገብስ አጨዳ ላይ ስለነበር፣ ከሥራ የተረፍኩት እኔ አጀብኳት።

ብርዱ ስላንዘፈዘፈን ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ በልተን ቀጠልን። መንገድ ላይ ዘነቡ፣ “ሆዴ ውስጥ ሳለ ስቅ ይለው ነበር። ሰዉ ግን በበዓል ልብስ አጥባ ነው እግዜር የቀጣት አለ” አለች። ያኔ ስቅ ሲለው እኔ፣ “ወረኢሉ ሆኖ ስሙን የሚያነሳው አለ” ብዬ ቀልጄ ነበር።

ደሴ፣ ከቀትር በኋላ

ሐኪሟ ደብተሬን ገልጣ አየችው። “አባቴ፣ መሬት አልለካም።” ደግነቱ ውጤቱ እሷ ዘንድ ነበር።

“ግላይሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር የልጁ ሰውነት ማስወገድ አልቻለም። ገና ሳይወለድ አንጎሉ ውስጥ ተጠራቅሟል። ስቅታውም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው። በየእርግዝናው ሕመሙ የመከሰት ከአራት አንድ ዕድል አለው፤ ይሄኛው እንደተወለደ እንመረምረዋለን።”

“ልብስ ማጠቤስ?”

“ልብሱን አጽድቶታል እንጂ ልጁን አልነካውም።” ወደ እኔ ዞረች። “ባልና ሚስቱ ይዛመዳሉ?”

“በጭራሽ። ሰባት ቤት የቆጠርኩት እኔ ነኝ።” እኛ ዘንድ ዘር ሳይቆጠር ልጅ አይታጭም፤ ቆጣሪው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

መልስ

ሚኒባስ ውስጥ የልጄን ወገን በቀኝ፣ የዘነቡን በግራ ጣቶቼ እንደገና ቆጠርኩ። ያኔ ጠላው እየጠበቀኝ ስለነበር በአባት በአባት እየዘለልኩ ነበር የሄድኩት። አሁን ሴቶቹንም ስጨምር፣ አምስተኛዋ አያት እማሆይ ጥሩነሽ በሁለቱም እጆቼ ላይ ተቀመጡ።

ለዘነቡ ነገርኳት። አቀስታ ስንደርስ መለሰችልኝ።

“እኔማ ሰማሁ፣ አባባ። ለሰንበቴው ይንገሩልኝ። ልብስ አጥባ ነው ያሉኝ እዚያ ናቸው።”

“አብሽሪ፣ እነግራለሁ” አልኩ።

ከጉዞው የተማርኩት፣ ዘር የሚቆጥር ሰው ሴት አያቶቹንም መቁጠር እንዳለበት ነው። ትምህርቱን ለመናገር ግን ሁለት ሰንበቴ አልፎኛል። ባለፈው እሑድ ተነስቼ እስከ አራት ቆጠርኩና አምስተኛዋ ላይ በሳል አመካኘሁ። ሰዉ የተለመደ ቀልዴ መስሎት ሳቀ። ዘነቡ ውሃ አቀበለችኝና ቆማ ጠበቀች። ውሃውን ጠጣሁት። የአምስተኛዋ ስም ዕዳ ግን እስካሁን እኔ ላይ አለ።